እሳት ጀርባ የለውም

ሩቲ ግራይንደሩን አጥፍታ መነጽሯን ወደ ግንባሯ ስትገፋ ስህተቷ ከፊቷ ቆሞ ጠበቃት። የጭስ ቧንቧው የሚወጣበት ቀዳዳ ያረፈው በርሜሉን ዙሪያውን ከሚዞረው ጎባጣ ቀለበት ላይ ነው። ቧንቧውን አስጠጋችው፤ አልገጥም አለ። አዞረችው፤ እንደ ሰካራም ወደ ጎን ተንጋደደ። በርሜል ከሩቅ ሲያዩት ልሙጥ ይመስላል እንጂ ጎድን አለው። ጎድን ላይ ደግሞ ቧንቧ አይተከልም።

«አባትሽ ምን ነበር ያለሽ?» አለቻት የክፍል ጓደኛዋ ፍቅርአዲስ፣ በስልኳ መቅረጿን ሳታቆም።

«ከላይ ስንዝር ተኩል።»

«ታዲያ ለክተሻላ።»

ሩቲ መዳፏን ዘርግታ አየችው፤ የለካችው በዚህ ነው። የአባቷ የዘመድኩን እጅ ግን አካፋ ነው። ሃያ ዓመት ወልቂጤ ላይ በርና መስኮት ሲበይድ በስንዝር እንጂ በሜትር ለክቶ አያውቅም። ሜትሩ ምስማር ላይ የተሰቀለው ሰው ለማያምን ደንበኛ ነው። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ የሱን እጅ ስታይ ኖራ የሷም የዚያኑ ያህል መስሏት ቁጭ አለች።

በርሜሉ ምድጃ ሊሆን ነው። ወጥ የሚሠራበት ሳይሆን ቤት የሚያሞቅ፣ እንጨቱን ሆዱ ውስጥ እያነደደ ጭሱን በቧንቧ ወደ ውጭ የሚተፋ ምድጃ። ሐሳቡም ሥራውም የሩቲ ነው። ቀለሙ እስኪላጥ ድረስ ግቢ ውስጥ በእሳት ያቃጠለችው እሷ ናት፤ ጎረቤት ሲጮህባት የቆየችውም እሷ ናት። ከታች በሩን ቆርጣ በማጠፊያ ገጥማለታለች፣ ከፌሮ ሦስት እግር አብጅታለታለች። የቀረው ቧንቧው ብቻ ነበር።

የሚሄደው አረቅጥ ነው፣ አባቷን ወደወለደችው ወደ አዶት መንበረ። አዶት በጉራጊኛ እናት ማለት ነው፤ ልጅም፣ የልጅ ልጅም፣ ጎረቤትም አዶት ነው የሚላት። አረቅጥ ደጋ ነው። ወልቂጤ ላይ ሰው በሸሚዝ ሲዞር እዚያ የኅዳር ውርጭ የእንሰት ቅጠል ያቃጥላል። አዶት ሁለት ቤት አላት። አንዱ ጎጆ ነው፤ እሳቱ መሀል ላይ፣ ጭሱ በሳር ክዳኑ ሾልኮ የሚወጣ። ሌላው መርካቶ የሚነግደው ልጇ አስረስ የሠራላት ቆርቆሮ ቤት ነው፤ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣራው ሥር ኮርኒስ፣ መስኮቱ መስታወት። አዶት ቆርቆሮ ቤቱን የዘር ድንች አስቀመጠችበትና ሦስት ዓመት ሙሉ ጎጆዋ ውስጥ እሳቷ ዳር ተኛች። ቤትህ ያምራል፣ ግን ያንቀጠቅጣል አለችው፤ ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም።

ዘንድሮ ግን ደረቷ አልቻለም። ወልቂጤ ያያት ሐኪም ከጭስ ትውጣ አለ። የመስቀል ዕለት ቤተሰቡ ሁሉ በተሰበሰበበት አስረስ ተነሥቶ ቆመና ሁለት ምርጫ አስቀመጠ፤ ወይ ቆርቆሮ ቤት፣ ወይ አዲስ አበባ እሱ ጋ፣ አራተኛ ፎቅ። ሳሏን በስልክ እየሰማ መኖር ሰልችቶታል። አዶት «አራተኛ ፎቅ ላይ እንሰት ይበቅላል?» ብላ ጠየቀች። ያኔ ነው ሩቲ፣ ትልልቅ ሰው ባለበት አፏን ከፍታ፣ ቆርቆሮ ቤቱን እኔ አሞቀዋለሁ ያለችው። አስረስ ሳቀ። ቢሆንም ከኅዳር ሚካኤል በፊት ሊያይ መጥቶ፣ ቤቱ ካልሞቀ እናቱን ይዞ ሊሄድ ተስማማ።

እና ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ሚካኤልም ደርሷል፣ ቀዳዳውም ጎድን ላይ ነው።

ሩቲ ቆማ የምታለቅስ ልጅ አይደለችም። ቀዳዳውን ትንሽ ዝቅ አድርጋ እንደገና ከፈተች፤ ቧንቧው ቀጥ ብሎ ገባ። የተሳሳተውን ቀዳዳ በላሜራ ልትደፍነው ቁራጭ ፈለገች፣ ቆረጠች፣ አስቀመጠች፣ መበየድ ጀመረች። መብራት ሄደ። መጣ። ግማሽ ዙር እንደሄደች እንደገና ሄደ። የበርሜል ቆዳ ስስ ነው፤ መብራት እንዳይሄድ ተጣድፈው ከበየዱት እዚህ ይቀልጣል፣ እዚያ ሳይይዝ ያልፋል። በሦስተኛው ሙከራ ስትጨርስ ልጣፊው እንደ ቁስል ቅርፊት ያበጠ፣ አስቀያሚ ነገር ሆኖ ነበር።

እዚህ ላይ የዘመድኩን ሕግ አለ። ብየዳ ካለቀ በኋላ ውጪውን ጠመኔ ትቀቢዋለሽ፣ ውስጡን በላምባ ታርሺዋለሽ፣ ከዚያ ሻይ ትጠጫለሽ። ላምባው በፀጉር ቀጭን ስንጥቅ እንኳ ያልፋል። ነጩ ጠመኔ ላይ ነጥብ ከወጣ ብየዳው ይተነፍሳል ማለት ነው። «ብየዳ ይዋሻል፣ ጠመኔ አይዋሽም» ይላል። ሩቲ ከክፍል ያመጣችው ጠመኔ ኪሷ ውስጥ ነበር። እጇን ልትሰድ ስትል ውጪ የመኪና ጥሩምባ ጮኸ። ድንች ሊጭን ባዶውን ወደ አረቅጥ የሚወጣው አይሱዙ ነው። ሾፌሩ ከአምስት ደቂቃ በላይ አልቆምም ብሎ ሞተሩን እንኳ አላጠፋም።

«ላሽ በይው» አለች ፍቅርአዲስ። «ጀርባው ነው፤ ማን ያየዋል?»

በርሜሉ ተጫነ። ሩቲ ልጣፊውን ወደ ታች አድርጋ በባዶ ጆንያ ደገፈችው፣ እንዳይጋጭ ብላ። እንዳይጋጭ ብቻ ግን አልነበረም።

ዘመድኩን ወደ አረቅጥ በሚወስደው መንገድ ጉብሬ ላይ የአጥር በር ሥራ ይዞ ሳምንቱን እዚያ ነው የሰነበተው። መንገድ ዳር ቆሞ ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡትን ሁለቱን ልጃገረዶች ጠበቃቸው። እጁ እስከ ክንዱ ጥላሸት ነው። አይሱዙው ፍጥነቱን ሲቀንስ መረማመጃው ላይ ተንጠልጥሎ በርሜሉን በጡጫው ሁለቴ መታው፤ ድምፁ ደስ አለው። ከዚያ በመስኮት ልጁን አያት።

«ጠመኔ አየ?»

«አየ» አለች ሩቲ።

ሌላ አልጠየቀም። ጆንያውን ገልጦ አላየም። ወርዶ እጁን አነሣላቸው፤ አይሱዙው ዳገቱን ተያያዘው። ፍቅርአዲስ ሙዚቃ ከፈተች። ሩቲ ኪሷ ውስጥ ያለውን ጠመኔ እስከ አረቅጥ ድረስ በጣቷ ስትነካካ ሄደች። ያመነሽን ሰው መዋሸት ቀላል ነው፤ ከባዱ እንዳመነሽ ሲቀር ነው።

አረቅጥ ሲደርሱ አስረስ ከአዲስ አበባ መጥቶ፣ መኪናውን እንሰቱ ሥር አቁሞ፣ ጃኬቱን እስከ አገጩ ዘግቶ ይጠብቅ ነበር። በርሜሉን አራት ጎረቤት ተሸክሞ አወረደው። አዶት ጋቢዋን አጣፍታ እየዞረች አየችው።

«ሙሽራ ናት እንዴ፣ ይሄ ሁሉ ሰው የሚደግፋት?» አለች።

ወደ ቆርቆሮ ቤቱ ሲያስገቡት ክርክር ተነሣ። አዶት በበትሯ የክፍሉን መሀል መታች፤ እዚህ ይቁም አለች። ሩቲ ግድግዳው ጥግ ይሻላል አለች።

«ጥግ ለምን?» አለች አዶት። «እሳት ጀርባ የለውም። ሰው ዙሪያውን ነው የሚቀመጥ። ጥግ ካስገባሽው ግማሹ ሰው ብርድ ይጠጣል።»

ሩቲ ቧንቧው አጭር ነው አለች። ትራፊ ቧንቧ በሌላ ጆንያ ይዛ መጥታ ነበር። ይህን አላነሣችም፤ ይልቅ ዘመናዊው እንዲህ ነው የሚቀመጠው ብላ ጨመረች። ዘመናዊ የሚሉት ቃል ስንት ጉድ ሸፍኗል። አዶት በትሯን አነሣች፤ ከልጅ ልጇ ጋር በሰው ፊት አትከራከርም። ምድጃው ጀርባውን ለግድግዳ ሰጥቶ ቆመ። ቧንቧው አስረስ ቀደም ብሎ ባስከፈተው የግድግዳ ቀዳዳ ወጣ። ልጣፊው ጨለማ ውስጥ ገባ።

አሥር ሰዓት ላይ ሩቲ ለኮሰችው። ደረቅ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ነው፤ ወዲያው ያዘ። በርሜሉ ሲሞቅ እንደ ማጉረምረም አለ፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይነድ ጀመር። ውጪ ቧንቧው አፍ ላይ ጭሱ ነጭ ሆኖ ሲወጣ ልጆች ጮኹ። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አስረስ ጃኬቱን አወለቀ። ሲሚንቶው እንኳ ለዘበ። ጎረቤቱ አንድ በአንድ እየገባ እጁን ይዘረጋል፣ ሩቲን ያያል፣ አንገቱን ይነቀንቃል። የዘመድኩን ልጅ ናት፣ በእጇ ነው የበየደችው እየተባለ ስሟ ከደጅ እስከ ጓዳ ሄደ።

አስረስ መጥቶ እንደ ትልቅ ሰው ጨበጣት። «ተሸነፍኩ፣ ኢንጂነሯ» አለ። የምሩን ነው፤ አስረስ ክፉ ሰው አይደለም፣ የሚፈራ ሰው ነው። ዛሬውኑ አዶት እዚህ ታድራለች ብሎ ፍራሽ አስነጠፈ። ሙቀቱ እንዳይወጣ መስኮቶቹን ዞሮ ዘጋ፣ የበሩንም ሥር በጨርቅ ወተፈ።

አዶት በርጩማዋን አስጠግታ ተቀምጣ ነበር። አፍንጫዋን አነሣች።

«ጭስ ይሸተኛል።»

ሁሉም ቧንቧውን አየ፣ በሩን አየ፣ ኮርኒሱን አየ። ምንም የለም።

«አዶት፣ እሱ ጋቢሽ ነው» አለ አስረስ እየሳቀ። «ስልሳ ዓመት ታጥኖ እንዴት አይሸትም?»

ቤቱ በሳቅ ሞላ። አንዷ ጎረቤት አዶት ከተማ ብትገባ እሳት አደጋ ይከተላታል አለች። አዶት አልሳቀችም። የጋቢዋን ጫፍ ወደ አፍንጫዋ ወስዳ፣ ሰው ሁሉ እያያት፣ አሸተተችው።

«የኔን ጭስ አውቀዋለሁ» አለች። «ይሄ የኔ አይደለም። ብረት ብረት ይላል።»

ያኔ የአስረስ ፊት ተለወጠ። እዚህ መተኛት ካልፈለገች አልፈልግም ትበል እንጂ የልጅ ልፋት ላይ ሰበብ አትፈልግ አላት። ድምፁን ከፍ አላደረገም፤ ግን በጎረቤት ፊት ነው። አዶት ጋቢዋን ጭኗ ላይ ሰበሰበች።

ፍቅርአዲስ የሩቲን ክንድ ጎትታ ወደ መስኮቱ ወሰደቻት። በሹክሹክታ፣ ልብሷ ነው ብለው ካመኑ ምን አስጨነቀሽ፣ ነገ ሰው ሳይኖር እናስተካክለዋለን አለቻት። ከተናገርሽ እኮ ጋሽ አስረስ አዶትን ይዟት ይሄዳል፣ ለራሷም ብለሽ ዝም በይ አለች። ሞኝ ነገር አልተናገረችም። ሩቲም ራሷ ከጉብሬ ጀምሮ ይህንኑ ስታስብ ነው የመጣችው።

ግን ነገ ከዛሬ ማታ በኋላ ነው። ከሰል አስገብቶ በሩን ዘግቶ ተኝቶ ስለቀረ ሰው ያልሰማ የለም። ጎጆው ቢያጨስም ይተነፍሳል፤ ይሄ ቤት ደግሞ ኮርኒስ አለው፣ መስታወት አለው፣ በሩ ሥር ጨርቅ ተወትፏል። እዚህ ቤት ውስጥ ከፍቅርአዲስ ሌላ አዶት ልክ መሆን እንደምትችል የምታውቅ አንድ ሰው ብቻ ናት። እሷ ደግሞ ቆማ እየተመሰገነች ነው።

«አዶት እውነቷን ነው» አለች ሩቲ።

ያልሰማ ስለነበር ደገመችው። ከዚያ ወደኋላ እንዳትመለስ ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። ስንዝሩን፣ የተሳሳተውን ቀዳዳ፣ መብራቱን፣ ልጣፊውን። ጠመኔውን ከኪሷ አውጥታ አሳየቻቸው፤ አልተነካም።

«ብየዳዬን አልፈተንኩትም። ለአባቴ ፈትኜዋለሁ ብዬ ዋሽቼዋለሁ። ጥግ ያስገባሁትም እንዳታዩት ነው።»

ማንም ሳይከለክላት በሩንና መስኮቱን በረገደችና እርጥብ የባሕር ዛፍ ቅጠል እንዲያመጡላት ልጆቹን ላከች። ቅጠሉን እሳቱ ላይ ከመረችው። ውጪ ወጥታ የቧንቧውን አፍ በረጠበ ጆንያ ደፈነችው፣ ተመልሳ የምድጃውን በር ዘጋች፣ በስልክ መብራት ጀርባውን አሳየች። ለትንሽ ጊዜ ምንም አልታየም። ከዚያ ከልጣፊው የታችኛው ጥግ አንድ የጭስ ክር፣ ቀጭን፣ መርፌ የሚገባበት የሚመስል፣ ግድግዳውን ተጠግቶ ወደ ላይ ወጣ።

አዶት ጎንበስ ብላ አየችውና ቀና አለች። «ይኸውልህ ጋቢዬ» አለችው ለአስረስ።

የሳቀ የለም። አስረስ ፊቱን በመዳፉ አሽቶ በቃ አለ፤ ሞክረናል፣ ነገ ከሰዓት አዶት ከሱ ጋር ትሄዳለች። ልብስ እንዲሰበሰብ ሊናገር ፊቱን ሲያዞር አዶት በበትሯ መንገዱን ዘጋችው።

«ይቺ ልጅ የተቀደደውን በሰው ፊት አሳየችህ» አለች። «አንተ ሦስት ዓመት ሙሉ ቤትህ እንደሚበርድ መች አመንክልኝ? በስተርጅና አንጎልሽ ነው የበረደው ስትለኝ ነበር።»

«አዶት...»

«ስልሳ ዓመት በጭስ ተኝቻለሁ። አንድ ሌሊት ብጨምር አልሞትም። ቦታውን አይተነዋል፤ እስከ ነገ ትድፈነው።»

አስረስ ልጂቱን አየ። ሩቲ አላቀረቀረችም። ቀዳዳው እስኪታወቅ ነበር የፈራችው፤ አሁን ታውቋል፣ የታወቀ ቀዳዳ ይደፈናል። እስከ ነገ ሰባት ሰዓት፣ አለ አስረስ። ከዚያ በኋላ መንገድ ነው።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሩቲ ኔትወርክ ወዳለበት ወደ ባሕር ዛፉ ወጥታ አባቷ ጋ ደወለች። እየተንተባተበች ሳይሆን ቀጥ ብላ ነገረችው። ከጉብሬ የሚሰማው የመዶሻ ድምፅ ቆመ።

«በማን ስንዝር ለካሽ?» አለ።

«በራሴ።»

«ስንዝር ብዬሽ የማን እንደሆነ አልነገርኩሽም። ያ የኔ ጥፋት ነው። ጉብሬ ላይ ያልሽኝ ግን ያንቺ ነው፤ እሱን ስትመጪ እንነጋገራለን።» ከዚያ ድምፁ ወደ ሥራ ተመለሰ። ገበያው አጠገብ ሙሀመድሰይድ የሚባል በያጅ አለ፤ እሑድም ይሠራል። «መበየጃውን ለምኚው እንጂ እጁን አትለምኚው» አላት።

እሑድ ጠዋት አዶት ወደ ቤተ ክርስቲያን፣ ሩቲ ምድጃውን አሸክማ ወደ ብየዳ ቤት ሄዱ። በሰንበት እሳት ስለመንካት አንዲት ጎረቤት ልታነሣ ስትል አዶት፣ እግዜር ሳንባዬን ያውቀዋል ብላ ዘጋቻት። ሙሀመድሰይድ ሽበታም ሰውዬ ነው። ሩቲ ሰላምታ ሰጥታ፣ የማን ልጅ እንደሆነች ተናግራ፣ መበየጃውን ስትለምነው ልጣፊውን በጥፍሩ ቧጨር አድርጎ፣ ይሄ ብየዳ ነው ወይስ የዶሮ ኩስ አላት። ፍቅርአዲስ በሳቅ ፈነዳች። ሩቲም ሳቀች፤ እውነቱን ነበር።

የትናንቱን ልጣፊ በግራይንደር አነሣችው። አዲሱን ሰፋ፣ ወፈር አድርጋ ቆረጠች። አምፔሩን ዝቅ አደረገችና በአንድ ጊዜ ሳይሆን እንደሚሰፉት ነጥብ በነጥብ፣ እዚህ አንድ፣ ከማዶ አንድ፣ ብረቱ እስኪበርድ እየጠበቀች ሄደች። ሙሀመድሰይድ እጁን ኪሱ ከትቶ አየ እንጂ አልነካም። ስትጨርስ ጠመኔዋን አወጣች። ውጪውን ነጭ አደረገችው፣ ውስጡን በላምባ አራሰችው። ሰውዬው ሻይ አስመጣ።

ሻዩ ሳያልቅ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ነጥብ ወጣች።

«በቃ እሷማ ምንም አትል» አለች ፍቅርአዲስ። ሰዓቱ አምስት ተኩል ነበር።

ሩቲ ብርጭቆዋን አስቀምጣ ላምባውን ወለወለች፣ ነጥቧን ሞረደቻት፣ እንደገና በየደች፣ እንደገና ቀባች። ሁለተኛ ሻይ መጣ፣ ተጠጣ፣ ብርጭቆው ተመለሰ። ጠመኔው ነጭ እንደሆነ ቀረ። ሙሀመድሰይድ ጎንበስ ብሎ በቅርብ አየው፣ ጣቱን አስነካው፣ ጣቱን አሸተተው። የቧንቧ መገናኛ የምትሆን ቀለበት ከመደርደሪያው አውርዶ ሰጣት። አባትሽን ሰላም በይልኝ አላት።

ምድጃው ተመልሶ ሲገባ ላምባው በደንብ ተወልውሎ፣ ደጅ ላይ በእሳት ተቃጥሎ ነበር። የተሸከሙት ሰዎች እንደ ትናንቱ ወደ ጥግ ሊወስዱት ሲሉ ሩቲ አስቆመቻቸው። አዶት በበትሯ የመታችውን ቦታ በእግሯ አሳየች። ትራፊውን ቧንቧ ከጆንያው አውጥታ በቀለበቷ ቀጠለችው፤ ከመሀል ክፍሉ ተነሥቶ እስከ ግድግዳው ደረሰ።

ሰባት ሰዓት ሲሆን እሳቱ ይነድ ነበር። ሩቲ ቅጠሉንም ጆንያውንም ደገመችው፤ አንድም ክር አልወጣም። አዶት በርጩማዋን ይዛ ምድጃውን ዙሪያውን ዞረች። በበሩ በኩል ሰው ሞልቶ ነበር። እሷ ከኋላ፣ ልጣፊው ፊት ለፊት፣ ጠመኔው ገና ያልጠፋበት ጋ ተቀመጠች። አፍንጫዋን አነሣች።

«ድንች ይሸተኛል» አለች። «ዘሩን ካላወጣችሁት ሊበቅል ነው።»

አስረስ የመኪናውን ቁልፍ ከኪሱ አወጣ። የእናቱን ልብስ የያዘ ሻንጣ ፍራሹ ላይ ነበር፤ አየውና አላነሣውም። ሩቲ ወደ መስኮቱ ሄዳ ትንሽ ከፈተችው። ሌሊትም ቢሆን ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይደር አለች፣ ቤቱ እንዲተነፍስ።

«የማን ጣት?» አለች አዶት።

«ያንቺ።»

አዶት ከበርጩማዋ ተነሥታ፣ ሁለት ጣቷን ክፍተቱ ውስጥ ከታ ለካች፤ በትንሹ ሰፋ አደረገችውና ተመልሳ ተቀመጠች። ፍቅርአዲስ ስልኳን ይዛ ከየት በኩል ብትቀርጸው እንደሚያምር ትዞር ነበር። ሩቲ ክንዷን ይዛ ወደ ምድጃው ጀርባ አዞረቻት፣ ወደ ልጣፊው።

ከሰዓት በኋላ ሦስቱ በአስረስ መኪና ቁልቁለቱን ወረዱ። ፍቅርአዲስ ወልቂጤ ሲደርሱ ስለምትለቀው ቪዲዮ ታወራለች። አስረስ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ ያፏጫል። ሩቲ መዳፏን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ከአውራ ጣቷ እስከ ትንሿ ጣቷ ስታይ ቆየች። የጉብሬ ቤቶች ከዛፉ መሀል ብቅ ሲሉ እጇን አጠፈችው።

«ጋሼ» አለች፣ «እኔ እዚህ አባቴ ጋ እወርዳለሁ።»